ድሪቶ በዶላር

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ በምኖርበት ሕንጻ ጡረታ የወጡ አንዲት አሜሪካዊት ጎረቤት አሉኝ። ባለፈው ቅዳሜ «ኩዊልት እየሠራሁ ነው፣ ና እይልኝ» ብለው ጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ሳይ ከአፌ ያመለጠኝ አንድ ቃል ነው፦ ድሪቶ!

ድሪቶ ነዋ! ከላይ እራፊ፣ መሃል ጥጥ፣ ከታች ገበር፣ ሦስቱን አንድ ላይ የያዘ ስፌት። እናቴ ግን የምትደርተው ቸግሯት ነበር። እኚህ ሴትዮ ደኅናውን ጨርቅ ከሱቅ ገዝተው፣ በሚሽከረከር ምላጭ ቆራርጠው፣ መልሰው ይገጣጥሙታል። መቁረጡ ለታከተው ደግሞ ሱቁ ራሱ 45 በ55 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቆርጦ፣ አጣጥፎ፣ በሪባን አስሮ ይሸጣል። ብጣሽ በዶላር! እኛ ልብስ ሰፊው በር ላይ ለቅመን የጨርቅ ኳስ ሆድ ውስጥ የምንጠቀጥቀውን!

ስስቅ አይተው ስልካቸውን አወጡና ጂስ ቤንድን አሳዩኝ። አላባማ ውስጥ ወንዝ በሦስት በኩል የከበበው የጥቁሮች መንደር ነው። ሴቶቹ ያለቀ የእርሻ ልብስ እየቀደዱ ለልጆቻቸው የብርድ መከላከያ ይሰፉ ነበር። በፈረንጆቹ 2002 ሥራቸው ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በ2006 ቴምብር ሆነ። ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባለዋ በ1942 የሰፋችው ከሟች ባሏ የሥራ ልብስ ነው። ከእነዚህ ድሪቶዎች አንዳንዶቹ ላይ ኪሱ የተነሣበት ቦታ ፀሐይ ስላልነካው ጠቆር ብሎ ይታያል። እሱን ሳይ ሳቄ ቆመ።

የእኛም ድሪቶ ላይ የአባቴ ካኪ ኮት ኪስ ነበረበት። ቁልፉ ሳይቀር። ማታ ማታ ጣቴን እየከተትኩ እተኛ ነበር። እዚህ በመጣሁ በዓመቱ ግን ወፍራም ብርድ ልብስ ልኬ፣ «ያን ድሪቶ አስወጡልኝ፣ እንግዳ ያየዋል» ያልኩት እኔው ነኝ። ማን እንግዳ? ማን መጥቶ ያውቃል እኛ ቤት? ጎረቤቶቻችንም ሁሉ የሚለብሱት ያንኑ ነው!

የዚያኑ ሌሊት እህቴ ጋ ደወልኩ።

«ያ ድሪቶ የት ደረሰ?»

«የቱ? አንተ አስወጡ ያልከው?»

«አዎ።»

«ውይ ጋሼ፣ እሱንማ ውሻዋ ወለደችበት፣ ከዚያ ጣልነው። ይልቅ ያ የላክኸው ብርድ ልብስ ሳስቷል፤ ሰው ካገኘህ ሌላ ላክልን።»