ስለ ማጉፉሊ መቶ ቀናት

በቅርቡ ባነበብኩት ጽሑፍ ላይ ጸሐፊው «የአዲስ ፕሬዝዳንት ማንነት በመጀመሪያዎቹ መቶ ቀናት ይታወቃል» ብለው የቀድሞውን የታንዛኒያ ፕሬዝዳንት ጆን ማጉፉሊን ማንሳታቸው ጥሩ ነው፤ ግን የጠቀሱት ጭብጨባ ያስገኘውን ብቻ ነው። እውነት ነው፣ ሰውየው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 ቃለ መሐላ በፈጸሙ ማግስት ከቤተ መንግሥት በእግራቸው ወጥተው ገንዘብ ሚኒስቴር ከተፍ አሉ። ብዙ ወንበር ባዶ! ሰዎቹ የት እንደሄዱ መጠየቅ ጀመሩ። (ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ የሚጠፋ ሠራተኛ የኛ አገር ብቻ ይመስለኝ ነበር።) ወር ሳይቆይ የነጻነት በዓሉን ድግስ ሰረዙ፤ ኮሌራ ገብቶ ነበርና ዲሴምበር 9 ቀን ከሕዝቡ ጋር መንገድ ላይ ወርደው ቆሻሻ በእጃቸው አፈሱ። ለበዓሉ የተያዘው ገንዘብም ለዳሬሰላም መንገድ ማስፋፊያ ዋለ።

ነገር ግን መቶ ቀኑ ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 2016፣ የመንግሥት ቴሌቪዥን የፓርላማውን የቀጥታ ስርጭት እንደሚያቆም ተነገረ። ምክንያቱ ወጪ ነው ተባለ። በዚያው ዓመት የተቃዋሚ ሰልፍ ተከለከለ። ቆሻሻ ሲያፍሱ የሚያሳየውን ፎቶ እኔም ለስንቱ ልኬያለሁ፤ የስርጭቱን ወሬ ግን ላንድ ሰው አላጋራሁም። ጸሐፊውስ ለምን ዘለሉት?