ፍቺው ብቅ ይበል፣ ሥራው ገጹ ላይ ይቀመጥ

ባለፈው ወር መጨረሻ እህቴ ደወለችልኝ። የአንድ ትንሽ ድርጅት ሂሳብ ያዥ ናት። የሠራተኞችን ደመወዝ በኢንተርኔት በሚሠራ ሲስተም ላይ ልትሞላ ቁጭ ብላለች። «ለእገዛ የተቀመጠችውን የጥያቄ ምልክት ስነካት የምሞላውን ቦታ የሚሸፍን መስኮት ትከፍትብኛለች» አለችኝ። ስክሪኑን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የምትሠራው በስልኳ ነው። ብቅ ያለው መስኮት ስክሪኑን ሞልቶታል፤ ውስጡ በተራ ቁጥር የተደረደሩ ሰባት እርምጃዎች አሉ። አንዱን ታነባለች፣ ትዘጋዋለች፣ ትሞላለች፣ ሁለተኛውን ለማየት እንደገና ትከፍታለች፤ ሲከፈት ደግሞ ሁሌም ከላይ ነው የሚጀምረው። በመጨረሻ ወረቀት አምጥታ ሰባቱንም በእጇ ገለበጠቻቸው።

ፎቶውን እስካሁን አላጠፋሁትም። እንጀራዬ የሶፍትዌር መመሪያ መጻፍ ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር ያንገበግበኛል። ለሥራ ባልደረቦቼ ሳሳያቸው ብዙዎቹ «ብቅ ባይ የሚባል ነገር ከእገዛ ገጽ ላይ ጨርሶ ይውጣ» አሉ። እኔ አልስማማም። መስኮቱ ምን አጠፋ? ጥፋቱ ውስጡ የከተትንበት ነገር ነው።

ዊንዶውስ 3.0 እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወጣ ዊንሄልፕ የሚባል የእገዛ ፕሮግራም ይዞ ነበር። ገጹ ላይ አረንጓዴ ቃላት ይታያሉ። ከሥሩ ሙሉ መስመር የተሰመረበትን ሲጫኑ ሌላ ገጽ ይመጣል። ነጠብጣብ መስመር ያለበትን ሲጫኑ ግን እዚያው ትንሽ ሳጥን ብቅ ትልና የቃሉን ፍቺ ትነግራለች፤ ሌላ ቦታ ሲነኩ ትጠፋለች። አንባቢው ገና ሳይነካው ምን እንደሚመጣለት ያውቃል። ካነበበበት መስመርም አይነቃነቅም። እኔ እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ አሠራር አላየሁም።

ነገሩን ያበላሸው ማስታወቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ትራይፖድ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ይሠራ የነበረው ኢታን ዙከርማን ማስታወቂያን በሌላ መስኮት የሚከፍት ኮድ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ይቅርታ ጠይቆበታል። ሰው ተማረረ፣ ብራውዘሮችም ማገድ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 የማይክሮሶፍት ብራውዘር ራሱ ማገጃ ተገጠመለት። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነካው በራሱ የሚከፈት የእገዛ መስኮት ከማስታወቂያው ጋር አብሮ ታገደ። አሁንም ግን እገዛን በአዲስ መስኮት የሚከፍቱ አሉ። ስልክ ላይ ይህ አዲስ ታብ ይሆናል፤ ሰውየው ለመመለስ የኋላ ቁልፉን ቢጫን ወደነበረበት ላይመልሰው ይችላል፣ የሞላው ፎርም የጠፋ ይመስለዋል።

ለእኛ ቋንቋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1997 ዊንሄልፕን ሊተካ የመጣው የማይክሮሶፍት ኤችቲኤምኤል ሄልፕ፣ የዓለምን ፊደላት ሁሉ ለኮምፒውተር በአንድ ሥርዓት የሚቆጥረውን ዩኒኮድን በአግባቡ አይደግፍም ነበር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ በኋላ እንኳ በዚያ ብቅ ባይ ውስጥ አማርኛ መጻፍ የማይታሰብ ነበር። ዛሬ ያ ችግር የለም፤ ብራውዘሩ ፊደሉን ያውቃል። ስለዚህ አሁን በአማርኛ እገዛ የምንጽፍ ሰዎች ምክንያት የለንም።

እንግዲህ ምን ይግባበት? ፍቺ። አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር። ለምሳሌ አንድ የግል ድርጅት ሂሳብ ያዥ «የጡረታ መዋጮ» የሚለውን ቃል ስትነካ «ከሠራተኛው መሠረታዊ ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል» የሚል ቢመጣላት ይበቃታል። አንብባ ሥራዋን ትቀጥላለች። እርምጃ ግን ሌላ ነገር ነው። እርምጃን ሰው እያየ ነው የሚሠራው፤ አንድ ዓይኑ መመሪያው ላይ፣ አንድ ዓይኑ ፎርሙ ላይ ነው። ስለዚህ በሚጠፋ ሳጥን ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ገጹ ረዘመ ብላችሁ ከፈራችሁ እዚያው ገጹ ውስጥ የሚዘረጋና የሚታጠፍ አድርጉት፤ ሲዘረጋ ታች ያለውን ይገፋል እንጂ አይሸፍንም።

አከፋፈቱም በመንካት ይሁን። ማውዝ ሲያልፍበት ብቻ የሚታይ ጽሑፍ ስልክ ላይ የለም ማለት ነው፤ ስልክ ማውዝ የለውማ። ማውዝ ሲያልፍ ይታይ ካላችሁም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ስሪት 2.1 የሚጠይቀውን አሟሉ፦ ሰውየው ማውዙን ሳያንቀሳቅስ፣ ለምሳሌ በኤስኬፕ ቁልፍ፣ ይዝጋው፤ ማውዙን ወደ ሳጥኑ ሲወስድ አይጥፋበት፤ ማውዙን እስኪያነሳ ወይም እስኪዘጋው ድረስም ይቆይ። ይህ ለማንም ይጠቅማል፤ ስክሪኑን አጉልቶ ለሚያነብ፣ ዓይኑ ለደከመ ሰው ግን ያለዚያ ማንበብ አይቻልም።

የአሠራሩ ጉዳይ ከድሮው ቀሏል። አሁን ብቅ ባይ ሳጥን የሚያወጣው፣ ፖፕኦቨር የሚባለው የኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ) ባሕርይ በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ ይሠራል፤ ውጭ ሲነኩ መዝጋቱን፣ በኤስኬፕ መዝጋቱን እሱ ራሱ ይችለዋል። ያም ሆኖ ቃሉን ከፍቺ መዝገቡ ገጽ ጋር በተለመደው ሊንክ አገናኙት፤ ኔትወርኩ ተቆራርጦ ስክሪፕቱ፣ ማለትም ሳጥኑን የሚከፍተው ኮድ፣ ባይወርድ እንኳ ሊንኩ ይሠራል። ፍቺውንም አንድ ቦታ ብቻ ጻፉት። መቶኛው ሲቀየር አሥር ሳጥን ስታሳድዱ አንዱ ይረሳል፤ ያንን አንዱን ያነበበ ሰው ደግሞ የተሳሳተ ደመወዝ ይከፍላል። የሳጥኑን ቁመት በፒክስል አትቸንክሩ። ለእንግሊዝኛ ተብሎ የተሰፋ ሳጥን አማርኛው ሲገባበት የመጨረሻውን መስመር ሲቆርጠው በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ የተቆረጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ግሡ ነው፣ እኛ ግሣችንን መጨረሻ ላይ ስለምናስቀምጥ። «አይቻልም» ይሁን «ይቻላል» ሳይታወቅ ይቀራል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎች ስለሚረሱት። ተደብቆ ያለ ጽሑፍ ገጹ ላይ ሲፈልጉት ብዙ ጊዜ አይገኝም፣ ፕሪንት ሲደረግም አይወጣም። እኛ ጋ ደግሞ ቢሮው ሁሉ ፕሪንት ያደርጋል፤ መመሪያ ማለት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ወረቀት ነው። እህቴም መጀመሪያ የሞከረችው ይህንኑ ነበር። ከቢሮው ኮምፒውተር ገጹን ፕሪንት ስታደርገው የወጣላት ባዶ ፎርምና አጠገቡ ያለችው የጥያቄ ምልክት ብቻ ናት። ሰባቱን እርምጃዎች በእጇ የገለበጠችው ለዚህ ነው።