ዩኒቨርሲቲው ወደ ሰፈር ሲወርድ በቅሬው በኩል ይግባ

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር ጋር የዩኒቨርሲቲዎች ሥራ አድርጎታል። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ ላለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ይህ ሥራ መጀመር ያለበት ከቅሬ ነው እንላለን። ሌላው አገር እድር የሚለው ቅሬ አባል፣ መዋጮ፣ ዳኛና የቅጣት ደንብ አለው፤ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ የሚገባበትም ብዙ ነው። ይህ እያለ አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም ለምን? መጠይቅ አስሞልቶ የሄደ ተማሪም ውጤቱን ይዞ ካልተመለሰ፣ ከእሱ በኋላ የሚመጣውን ማንም ከልቡ አያናግረውም።

ነዋሪው ለስብሰባ ከመጠራቱ በፊት ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ቤት ለቤት መዞር፣ ቢያንስ 30 ቤት ገብተው ማውራት ያስፈልጋቸዋል። «ምን ይደረግላችሁ?» ከተባለ መልሱ የእርዳታ ዝርዝር ነው። «ምን አስቸገራችሁ? እስካሁን ምን ሞከራችሁ? ሲቸግራችሁ ማንን ታማክራላችሁ?» ይባል። በመጨረሻው ጥያቄ ደጋግሞ የሚነሳው ስም ብዙ ጊዜ ቀበሌው ከሚሰጠው ዝርዝር ውስጥ የለም፤ የሴት ስምም ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ ሲያዝ ሰኞ ገበያ፣ ዓርብ ጁምዓ፣ እሑድ ቅዳሴ መኖሩ አይረሳ።

ከዚያ በሦስት ወር የሚያልቅ አንድ ጉዳይ ብቻ ይመረጥ። የጎርፍ መውረጃ ቦይን እንውሰድ። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ናት፤ ጎርፉ ድንጋይና ደለል እየገፋ ይወርዳል። ጠረጋው ሚያዝያ ላይ ታቅዶ ግንቦት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ክረምት ሲገባ ተማሪው ተበትኗል። ዘመቻውን ከንቱ የሚያደርገው ደግሞ የወጣው ደለል ቦዩ ዳር ተከምሮ መቅረቱ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል። ስለዚህ አካፋ ከመነሳቱ በፊት ገልባጭ መኪና የሚመጣበት ቀን ከማዘጋጃ ቤቱ በደብዳቤ ይረጋገጥ። ደብዳቤውን የሚፈርመው መምህሩ ሳይሆን የቅሬው ዳኛ ይሁን፤ በሚቀጥለው ዓመት ቢሮ የሚያንኳኳው እሱ ነውና።

ለነዋሪ የስብሰባ አበል አይከፈል። አንዴ ከተከፈለ ያለ አበል የሚመጣ አይገኝም። ገንዘቡ ለዶማ፣ ለአካፋና ለእጅ ጋሪ ይዋል፤ ዕቃውም ለቅሬው ይቅር።

ተመራቂ ተማሪ ብቻ የያዘው ሥራ በምርቃት ማግሥት ይቆማል። ለአንድ ሰፈር አንድ መምህር ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይመደብ፤ ሰዓቱም እንደ ክፍለ ጊዜ ይቆጠርለት። ተተኪው ተማሪ ከተመራቂው ጋር አንድ ሴሚስተር አብሮ ይዙር። ኮምቦልቻ ላይ ግን ቅሬ ብቻውን አይበቃም፤ ከሌላ ቦታ መጥተው ቤት የተከራዩ የፋብሪካ ሠራተኞች ብዙዎቹ አባል አይደሉም። እነሱን በቤታቸው፣ ከፈረቃ በወጡበት ሰዓት ማግኘት የግድ ነው።