እኮ ሎጅ

«ኢኮ» የምትባለውን ቃል ወደ አገራችን ያስገባ ሰው ዕድሜ ይስጠው። በሁለት ፊደል ይህን ያህል ገንዘብ የሠራ ቃል አላየሁም። ሆቴል ብትሠራ ያው ሆቴል ነው። ፊቱ ላይ «ኢኮ» ስትለጥፍበት ግን የአልጋው ዋጋ እጥፍ ይሆናል። መብራት ሲጠፋም ማንም አያጉረመርምም። ተፈጥሮ ነዋ!

ባለፈው ሰሞን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ አንድ ሐይቅ ዳር የተሠራ ኢኮ ሎጅ ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ወረፋ ላበዛባችሁ አልፈልግም። ግቢው የግራር ጫካ ነበር አሉ። አሁን ተመንጥሮ ለመኪና ማቆሚያ ተደልድሏል። በግራሩ ፋንታ ከከተማ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ዘንባባ ቆሟል። ልክ ናቸው። ግራር እሾህ አለው፣ ለፎቶም አይመችም። ውለታውን ግን አልረሱም፤ የመጀመሪያውን ክፍል «ግራር» ብለውታል። ቀጥሎ «ወይራ»፣ ከዚያ «ዋንዛ»። እኔ «ዋንዛ» ውስጥ አደርኩ። አልጋው ኤምዲኤፍ ነው።

ጎጆዎቹማ አይወራም! ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ብሎኬቱ ጭቃ የሚመስል ቀለም ተቀብቷል፣ ቆርቆሮው ላይ ሣር ተደርቧል። አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ዕቁብ የጣለችው የሣር ክዳን ቤቷን ቆርቆሮ ለማልበስ ነበር። እነዚህ ደግሞ ቆርቆሮውን ሣር አለበሱት። አያቴ ትንሽ ብትታገስ ኖሮ ኢኮ ሎጅ ነበራት።

የሣር ነገር ከተነሳ፣ የመንዝ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ጓሳ የሚባለውን የደጋ ሣር መሬታቸውን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምረው ሲጠብቁ ኖረዋል። ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው (የዛሬውን ትርጉም ለጊዜው ርሱት)። አለቃ ይመርጣሉ፣ ሦስትም አምስትም ዓመት ሣሩን ይዘጋሉ። በዚያ መሃል ማጨድ የለም፣ ከብት ማስገባት የለም። ሲከፈት ጎጆ ይከድኑበታል፣ ገመድ ይገምዱበታል፣ ገሳ ይሠሩበታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መጥቶ ሥርዓቱን ናደው። እነሱ ግን መቼ ይሰማሉ! መልሰው የራሳቸውን መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፣ ጥበቃውን ቀጠሉ። ዛሬም ከ3,200 ሜትር በላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እዚያው አሉ። ግን ምን ዋጋ አለው? ያን ሁሉ ዘመን ሲጠብቁ አንድ ሪባን ሳይቆርጡ! ባለሙያ ቢያማክሩ ኖሮ ሣሩን በአንድ ሳምንት አንስተው ሲንተቲክ ያነጥፉላቸው ነበር።

ወደ ሎጄ ልመለስ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ካርድ ተሰቅሏል፤ «ምድራችንን እናድን፤ ፎጣዎን በየቀኑ አያስቀይሩ» ይላል። ሳነበው ዓይኔ ዕንባ አቀረረ። የጄኔሬተሩ ጭስም ሊሆን ይችላል፤ መስኮቴ ሥር ነበር። ከመስኮቱ ማዶ መስኩ ጠዋትም ማታም ውሃ ይረጭለታል። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ሴቶች ቢጫ ጄሪካን አዝለው ያልፋሉ። ፎጣዬን አላስቀየርኩም። የበኩሌን ተወጥቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈላ። የተጎዘጎዘው የላስቲክ ቄጠማ ነው። ከረከቦቱ ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ ሐይቁ አለ፤ ዳር ዳሩን ቄጠማ በቅሎበታል።

«ያኛውን ለምን አትጎዘጉዙም?» አልኩት አስተናጋጁን።

«ጋሼ፣ እሱን ማጨድ እኮ ተፈጥሮን መጉዳት ነው!»

አፈርኩ። ማታ የባህል ጭፈራ ነበር። በሃያ ደቂቃ አገር ምድሩን አዳረስነው፤ ከወላይታ ጎጃም፣ ከጎጃም ትግራይ። የዚያው የሐይቁ አካባቢ ዘፈን ብቻ ቀረ። ጊዜ አልበቃም መሰለኝ።

በነጋታው ስወጣ በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። አዲስ ጋቢ፣ በእጃቸው ጦር። የሎጁ «ባህል» እሳቸው ናቸው፤ በወር ደሞዝ።

«አባባ፣ እዚህ ድሮ ምን ነበር?»

«ከብት የምናጠጣበት ነዋ።»

«አሁንስ የት ታጠጣላችሁ?»

«ከወዲያ ማዶ፣ ራቅ ይላል። እዚህማ እንዴት ይገባል? ሎጅ እኮ ነው!»

ለካ ስሙን እስካሁን ተሳስቼ ሳነበው ነው የከረምኩት።

«ፎቶ ላንሳዎት?» አልኳቸው።

«በጦር መቶ ብር ነው፤ ያለ ጦር በነፃ።»

በጦር አነሳኋቸው።