አደዩ ዘሩን ሳይጥል ለምን ይታጨዳል?

መስከረም ሲጠባ የጎንደር መንገድ ዳርና የአጥር ሥር ቢጫ ይለብሳል። ብዙም ሳይቆይ «ለመስቀል ይጽዳ» ተብሎ ማጭድ ይገባበታል፤ አደዩም ከሣሩ ጋር አብሮ ይሄዳል። ጽዳቱን አንቃወምም፤ ቀኑን ግን እንቃወማለን።

አደይ አበባ የአንድ ክረምት ተክል ነው። የጭጎጎት ዘመድ ሲሆን እንደ እሱ በዝናብ በቅሎ፣ አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ ይደርቃል። ከሥሩ ዳግም አያቆጠቁጥም። የከርሞው አበባ ዘንድሮ መሬት በወደቀው ዘር ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንድ ቦታ በአበባው ወራት በየዓመቱ ከታጨደ አፈር ውስጥ የቀረው ዘር ያልቅና ሣሩ ብቻውን ይነግሣል።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። በእግር መንገዱ ጠርዝ አንድ ሜትር ያህል አጭዶ የቀረውን መተው ይበቃል። የተስተካከለው ጠርዝ ቦታው ሆን ተብሎ እንጂ በስንፍና እንዳልተተወ ለአላፊ አግዳሚው ይነግራል። ለደመራ የሚፈልግ ሰው ከየተክሉ አንድ ሁለት ዘንግ ይቅጠፍ፤ ከሥሩ አይንቀል። ማጭዱ የሚገባው አበባው ረግፎ እምብርቱ ሲጠቁርና በጣት ሲነካ ዘሩ ሲረግፍ ነው። የታጨደውንም ወዲያው መኪና ላይ አይጭኑትም፤ ሁለት ሦስት ቀን እዚያው ተነጥፎ የቀረውን ዘር ይጣል።

አደይ በሌለበት ግቢ መጀመር የሚፈልግ፣ ደረቅ ዘር ለቅሞ በወረቀት ከረጢት ያስቀምጥ። በፌስታል ከታሰረ ይሻግታል። ክረምት ሊገባ ሲል ፀሐይ የሚያገኝ መሬት ላዩን ጫር ጫር አድርጎ ይበትነው። ብዙ አፈር ከተጫነው ላይወጣ ይችላል፤ ዛፍ ሥር ደግሞ ቢበቅልም አበባው ይሳሳል።

ማጭድ የያዘ ሰው ሥራ ካነሰው የቆዩ ግንቦችን ይመልከት። ወፍ በኖራው ስንጥቅ የጣለችው የዋርካ ዘር ጣት ሳያክል በቀላሉ ይነቀላል፤ ከወፈረ በኋላ ግን ሲነቅሉት ድንጋዩን ይዞ ይወጣል። የፋሲል መዋኛን ግንብ ያቀፉት ትልልቅ ሥሮች ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ እነሱን ለማየት ሰው ከሩቅ ይመጣል።

ለመዋኛው አካባቢና ለቀሐ ወንዝ ዳርቻ እንኳን ቀኑ አያጥርም። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ አደዩ ደግሞ ያኔ ዘሩን ጥሎ ደርቋል። ሣሩ በታኅሣሥ ቢታጨድ ታቦታቱ ሲወርዱ መንገዱ ንጹሕ ነው።