ቤተ መጻሕፍቱን የዘጋው «ቢጠፋስ» ነው

ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ተጠራን። ደሴ ውስጥ፣ ሰፈራችን ባለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በበጎ ፈቃድ የምናገለግል ሰዎች ነን። ምስጋና ሊሆን ይችላል ብለን ነው የሄድነው። የተነገረን ግን ከአሁን በኋላ መደርደሪያው አጠገብ እንዳንደርስ ነው። ምክንያቱ አጭር ነው። «የመንግሥት ንብረት ነው። አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ በማን ስም ይጠየቃል?» አሉን ኃላፊው። ከዚያ ጨመሩ። «ለነገሩ ዘንድሮ ልጆቹ ሁሉንም ነገር ስልካቸው ላይ ያገኙታል።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ንግግር እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣችም።

ውሳኔው በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ቤተ መጻሕፍቱ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:30 ነው የሚከፈተው። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ ክፍት ነው። ከትምህርት ቤት ወጥተው፣ ቤት ደርሰው፣ የታዘዙትን ሠርተው ሲመጡ ሊዘጋ ነው። እኛ የጨመርነው እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ያለውን ጊዜና ቅዳሜን ነው። አሁን ሁለቱም ቀሩ።

ስለ ስልኩ እንነጋገር። ሰኞ ገበያ አካባቢ የምትኖር አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ አውቃለሁ። ቤታቸው ውስጥ ያለው ስልክ አንድ ነው፤ የእናቷ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመ መጽሐፍ አጥሮ ልጆቻችን ፒዲኤፍ እንደተቀባበሉ ሁላችንም እናስታውሳለን። የዚህች ልጅ ፒዲኤፍ ያለው እናቷ ስልክ ላይ ነው። እናቷ ለሥራ ስትወጣ መጽሐፉም አብሯት ይወጣል። ማታ ሲመለስ ቻርጅ የለውም፣ ወይ ታናሽ ወንድሟ ይዞታል። ደግሞስ ስልክ ጠረጴዛ ይሆናል? ወንበር ይሆናል? አምስት ሰው በሚኖርባት አንድ ክፍል ውስጥ ጸጥታ ይሆናል? እኛ ጋ ከሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ የኛን መጽሐፍ እንኳ አይጠይቁም። የራሳቸውን ደብተር ይዘው ነው የሚመጡት። የሚፈልጉት ቦታውን ነው።

ስልክ ካስተማረ ደግሞ ውጤቱ የታለ? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ወደ 3.2 ወረደ። በ2016 5.4 ሆነ። ስልክ በየቤቱ የገባው ከነዚህ ዓመታት በፊት ነው። እነዚህን ቁጥሮች እያየ ቤተ መጻሕፍት በጊዜ ይዘጋ የሚል ሰው እንዴት እንደሚተኛ አላውቅም። ለኔ የዚህ ውድቀት አንዱ ምክንያት በ11:30 የሚቆለፍ በር ነው። ማንም ከዚህ ሐሳቤ አያነቃንቀኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ወደ «ቢጠፋስ»።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሥራ ስትጀምር መጻሕፍቱን ቆጥራ፣ ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ቅጽ ላይ ፈርማ ትረከባለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ በስሟ ናቸው። ቢጎድል እሷ ትጠየቃለች። ደመወዟን ታውቁታላችሁ። እና ምን ታድርግ? ጥሩውን መጽሐፍ ትቆልፍበታለች። እሷን አልወቅስም፤ እኔም ብሆን እቆልፍ ነበር። የምወቅሰው መጽሐፍን ከወንበርና ከኮምፒውተር ጋር አንድ መዝገብ ላይ የጻፈውን አሠራር ነው። ይህ አሠራር የሚያነበውን ሰው እንደ ሌባ ያያል። በነጻ የሚያግዘውን ደግሞ እንደ ሌባው ግብረ አበር።

ወሎ ውስጥ ቅሬ የሌለው ሰው የለም። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ነው እኛ ቅሬ የምንለው። የኛ ቅሬ ድንኳን አለው። ወንበር፣ ድስት፣ ጀበና፣ ሳህን፣ ብርጭቆ አለው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከኪሱ አዋጥቶ የገዛው ንብረት ነው። ሰው ሲሞት ይህን ሁሉ ተሸክሞ ለቅሶ ቤት የሚያደርሰው የሰፈሩ ወጣት ነው። ደመወዝ የለውም። የሚፈርመው ሞዴልም የለም። ሌሊት ቢጠሩት ይነሳል። ድንኳኑን ይተክላል፣ ሳህኑን ያድላል፣ ለቅሶው ሲያበቃ ቆጥሮ ይመልሳል።

ሳህን አይጠፋም ወይ? ይጠፋል። ብርጭቆም ይሰበራል። አምና ሲቆጠር 11 ሳህን ጎደለ። ተጨቃጨቅን። ሁለት ሰዎች ተቀያየሙ። ከዚያ አዋጥተን ተካነው። ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል አንድም ሰው ተነስቶ «ከዛሬ ጀምሮ ለለቅሶ ሳህን አይውጣ» አላለም። ወጣቶቹም ዕቃ ቤት እንዳይገቡ አልተከለከሉም። ሳህን የተገዛው ሰው እንዲበላበት ነው። ሳጥን ውስጥ ሆኖ ቁጥሩ ቢሞላ ለማን ይጠቅማል? ያንን የቅሬው አባል ሁሉ ያውቀዋል። ማንበብና መጻፍ የማይችሉት አባቶችም ያውቁታል።

መጽሐፍስ የተገዛው ለምንድን ነው?

ለአሥር ዓመት ማንም ያልገለጠው መጽሐፍ ቆጠራ ሲመጣ «አለ» ይባላል። ምልክት ይደረግበታል። ለሰፈሩ ልጅ ግን የለም። ከጠፋ ቆይቷል። አንድ ልጅ ወስዶ ያስቀረው መጽሐፍ ቢያንስ አንድ ሰው አንብቦታል። ተቆልፎ የኖረውን ያነበበው የለም። ከሁለቱ የትኛው ነው የመንግሥትን ንብረት ያባከነው?

ቁልፍ ያድናል የሚል ካለ ደግሞ የ2014ን ጦርነት ያስታውስ። ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ከተማችን ምን እንዳሳለፈች እናውቃለን። ደሴ ሆስፒታል ቁልፍ ነበረው። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ቁልፍ ነበረው፤ ጥበቃም ነበረው። ቁልፉ አላዳናቸውም። ከዚያ በኋላ መልሶ ያቆማቸው ሳይሰስት የሰጠ ሰው ነው። እኛ ይህንን በዓይናችን አይተን እንዴት ተመልሰን በቁልፍ እናምናለን?

እውነት ነው፣ እኛ በቆየንበት ጊዜ ሁለት መጽሐፍ ጠፍቷል። አልክድም። አንዱ ተመልሷል። የቤተ መጻሕፍት ሥራ ሙያ መሆኑንም አውቃለሁ። መጻሕፍት በየዘርፋቸው ቁጥር በሚሰጣቸው በዲዊ አመዳደብ 500 ሳይንስ ነው፤ 900 ታሪክና ጂኦግራፊ ነው፤ 963 ደግሞ ኢትዮጵያ ናት። አንድ ሰው ቁጥሩን አዟዙሮ 693 ላይ ቢያስገባው የኢትዮጵያ ታሪክ ስለ ግንባታ በሚያወሩ መጻሕፍት መሃል ተቀብሮ ይቀራል። ከመሰረቅ አይተናነስም። ግን ይህንን ያስተማረችን ራሷ ሠራተኛዋ ናት። ሁለት ቅዳሜ ነው የፈጀባት። ከዚያ በኋላ ከየቦታው ለቅመን ወደ መደርደሪያቸው የመለስናቸው መጻሕፍት ከጠፉት ሁለቱ እጅግ ይበልጣሉ። ስብሰባው ላይ ያንን የቆጠረ አልነበረም።

መጻሕፍቱን የሚጠግኑ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አብረውን አሉ። መሣሪያቸው ወስፌ፣ ወፍራም ክር፣ ቁራጭ አቡጀዴና ኮላ ነው። ጀርባው የተገነጠለውን መጽሐፍ በወስፌ ይበሱታል። ይሰፉታል። አቡጀዴውን ኮላ ቀብተው ጀርባው ላይ ያለብሱታል። ከዚያ ከቦርከና ወንዝ ዳር ባመጡት ድንጋይ ይጫኑታል። የጦሳ ተራራ ጉም በለበሰበት ቅዳሜ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ ቀኑን ሙሉ ይህንን ሲሠሩ ይውላሉ። አንድ ቀን ያቺ የሰኞ ገበያ ልጅ መጣችና «ጋሼ፣ ያ ልብ ያለበት መጽሐፍ አለ?» አለችኝ። ርዕሱን አታውቀውም። የባዮሎጂ ማጣቀሻ ነው። ልቡ የተሳለበት ገጽ ግን ተቀዶ ተወስዷል። መምህሩ ሰሙን። በሳምንቱ ገጹን ከሌላ ቅጂ ፎቶ ኮፒ አስነስተው፣ በራሳቸው ብር፣ ቦታው ላይ ሰፍተውት አገኘነው። መደርደሪያው ጋ እንዳይደርሱ የተከለከሉት እኚህ ሰው ናቸው።

አንድ ተሰብሳቢ ደግሞ «የበጎ ፈቃድ ሥራ በክረምት መርሐ ግብር ይካተታል» ብሎ ነበር። በክረምት ችግኝ ይተከላል፣ የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል፣ ደም ይለገሳል። ደግ ነው፤ ይቀጥል። ግን ልጅ የሚያጠናው በሐምሌ ነው? ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው። ፎቶ የሚነሱበት በጎ ፈቃድ እየተፈለገ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ያለ ፎቶ የሚመጣው ሰው ይባረራል።

እኔ ስብሰባው ላይ አንድ ነገር ለምኛለሁ፤ እዚህም እደግመዋለሁ። ዋስ ከተፈለገ ቅሬያችን ዋስ ይሁን። የእያንዳንዳችን ስም ይመዝገብ። መጽሐፍ ከጎደለ ሠራተኛዋ ከደመወዟ አትክፈል፤ እንደ ሳህኑ አዋጥተን እንተካለን። የቅሬው ሽማግሌዎች ተጠይቀው «አብሽር፣ እንፈርማለን» ብለዋል። መልሱ «እናየዋለን» ነበር። እስካሁን የታየ ነገር የለም።

መምህሩ ሰፍተው የጨረሷቸው 14 መጻሕፍት አሁንም ከኋላ ባለው ክፍል ድንጋይ እንደተጫናቸው ናቸው። ኮላው ደርቋል። ቁልፉ ያለው ጽሕፈት ቤቱ ጋ ነው።