ባሩድ ሲጠፋ፣ ዘይት ሲጠፋ

አሜሪካ ውስጥ ጥይት ጋራዣቸው ውስጥ የሚሞሉ ብዙ ሰዎች አሉ። ተኩሰው የጣሉትን ቀለህ ይለቅማሉ፣ ያጸዱታል፣ ቅርጹን አስተካክለው አዲስ ባሩድና እርሳስ ይሞሉበታል። ለራስ ከሆነ የአምራች ፈቃድ አያስፈልግም። ለመሸጥ ግን ከፌዴራል መንግሥት የጥይት አምራችነት ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። በዚህ ፈቃድ የሚተዳደሩ ትንንሽ የቤተሰብ ድርጅቶች አሉ። እጥረት በመጣ ቁጥር የማዝነው ለእነሱ ነው።

ቀለህ ደጋግሞ ያገለግላል። እርሳስም አቅልጦ ማፍሰስ ይቻላል። ቀለሁ ስር የምትገባው፣ የምስር ፍሬ የምታህለው ማቀጣጠያ ግን ከፋብሪካ ነው የምትመጣው። አገሩ ውስጥ የሚያመርቷት ትልልቅ ኩባንያዎች በጣት ይቆጠራሉ። እነሱም ለራሳቸው ጥይት ይፈልጓታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲገባ የመሣሪያ ገዢው በአንዴ በዛ። በዚያው ዓመት ትልቁ የመሣሪያና የጥይት አምራች ሬሚንግተን ከሰረ። ቀድሞ 30 ዶላር ገደማ የነበረው አንድ ሺህ ማቀጣጠያ ከ100 ዶላር በላይ ሲቸበቸብ ነበር። ከዩክሬን ጦርነት በኋላ ደግሞ ባሩድ የሚሠራበትን ናይትሮሴሉሎስ የመድፍ ጥይት አምራቾች ይሻሙበት ጀመር።

የጠፋውን ባሩድ በሌላ ልተካ ማለትም ቀላል አይደለም። ዓይነቱ ከተቀየረ ከጥይት አሞላል መመሪያው ዝቅተኛ መጠን ተነስቶ፣ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ እንደገና መሞከር ነው። ለሙከራው የሚያልቀው ያው የጠፋው ዕቃ ነው።

እጥረቱን የሚያባብሰው ግን ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ፣ አሜሪካ ውስጥ ከተፈጸመው የሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ግድያ በኋላ፣ የመሣሪያ ሕጉ ሊጠነክር ነው ሲባል ርካሿ ባለ .22 ጥይት እንኳ ከመደርደሪያ ጠፋች። አገር ቤትም ዘይትና ስኳር "ሊጠፋ ነው" ከተባለ በቃ፣ ያለው ሁሉ ጓዳ ይገባል። እርግጥ ዘይት የልጆች ምግብ ነው፤ ከትርፍ ጊዜ ተኩስ ጋር እኩል አላደርገውም። የሰዉ ድንጋጤ ግን አንድ ነው።

የሚለየው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አገር ቤት የሸማቾች ማኅበር በኮታ ያከፋፍላል። ወረፋው ያታክታል፣ ቢሆንም ደሃው የሆነች ነገር ይደርሰዋል። ያከማቸ ነጋዴ ከተደረሰበት መጋዘኑ ይታሸጋል። እዚህ አሜሪካ ሱቁ "ለአንድ ሰው አንድ ካርቶን" ይል እንደሆነ እንጂ ሌላ ከልካይ የለም። ገንዘብ ያለው የዓመታት ጥይት ይከምራል። ጥይትን እንደ ገንዘብ ማየት ለእኛም አዲስ አይደለም፤ ድሮ ውጅግራ የሚባለው ጠመንጃ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋር ገበያ ላይ ይመነዘር ነበር። ግን ያኔ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። አሁን ምድር ቤት ተቆልፎበት ይቀመጣል።

የማውቀው አንድ ትንሽ ድርጅት ማቀጣጠያ በጠፋ ጊዜ የደንበኞቹን ቀብድ መልሶ ሥራ አቆመ። ማቀጣጠያው ተመልሶ ሲገኝ ደንበኞቹ የፋብሪካ ጥይት ለምደው ነበር።